የጽንስ የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት፦ ከሐርጌሳ እስከ መቀለ ሳይታወቅ የሚያልፈው ወሳኝ ጊዜ

በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ በተባለው ወረዳም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች፣ አንዲት ሴት ማርገዟን የምትጠረጥረው አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባዋ ሲቀር ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቃ እርግጠኛ ስትሆን ጽንሱ ከተፈጠረ አራት ሳምንት ገደማ ሆኖታል። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል ታጥፎ፣ ተገጣጥሞና ተዘግቶ የሚያበቃው በእነዚሁ አራት ሳምንታት ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ በትክክል ካልተዘጋ ከዚያ ወዲያ የሚዋጥ ምንም ዓይነት እንክብል አይዘጋውም።

ይህ በሕክምናው ዓለም አዲስ ግኝት አይደለም። አደጋውን በእጅጉ የሚቀንሰው ፎሊክ አሲድ የተባለ ርካሽ ቫይታሚን መሆኑም ከተረጋገጠ ከ30 ዓመታት በላይ ሆኗል። ያም ሆኖ በአፍሪካ ቀንድ ጀርባቸው ላይ ክፍተት ኖሮባቸው ወይም ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የሚወለዱ ሕፃናት አሁንም ወደ ሆስፒታሎች ይመጣሉ። አስቸጋሪው ነገር ቫይታሚኑን ገና ላላረገዘች፣ ወይም ማርገዟን ላላወቀች ሴት ማድረሱ ነው።

ያልተዘጋው ቱቦ

ጽንሱ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ በጀርባው በኩል አንድ ጠፍጣፋ የሕዋሳት ንጣፍ ይታያል። ንጣፉ መሀሉ እየጎደጎደ፣ ሁለቱ ጠርዞቹም እየተነሡ ይሄዳሉ። ጠርዞቹ ሲገናኙ ተጋጥመው ቱቦ ይሠራሉ፤ ግጥሚያው ከመሀል ተነሥቶ እንደ ልብስ ዚፕ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘልቃል። ሐኪሞች የነርቭ ቱቦ የሚሉት ይህ ነው። የላይኛው ጫፉ ወደ አንጎልነት፣ የቀረው ክፍሉ ወደ ህብለ ሰረሰርነት ያድጋል። ሥራው በሙሉ 28ኛው ቀን ገደማ ሲሆን ተጠናቅቋል፤ ጽንሱ በዚያ ዕድሜው ከሩዝ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም።

የላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ ከቀረ የራስ ቅሉና አብዛኛው የአንጎል ክፍል አይፈጠርም። አኔንሰፋሊ የሚባለው ይህ ችግር ያለበት ጽንስ ወይ ሞቶ ይወለዳል፣ አለዚያም ከወሊድ በኋላ ከሰዓታት ወይም ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ክፍተቱ በታችኛው በኩል ሲሆን ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ሕፃኑ በሕይወት ሊወለድና ሊያድግ ይችላል፤ ሆኖም ነርቮቹ ከጀርባው ወጥተው ስለሚጋለጡ እግሮቹ ሊሰንፉ፣ ሽንትና ዓይነ ምድር መቆጣጠርም ሊሳነው ይችላል። ከእነዚህ ሕፃናት በብዙዎቹ ላይ በአንጎል ውስጥ የሚመላለሰው ፈሳሽ መውጫው ይታገድና ጭንቅላታቸው ማበጥ ይጀምራል፤ ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀመው በዚህ ምክንያት ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ኡጋንዳ ምባሌ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል የሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ዎርፍ፣ እዚያ ካዩአቸው ሕፃናት የሚበዙት ለችግሩ የተዳረጉት ከተወለዱ በኋላ በያዛቸው ኢንፌክሽን መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ያበጠ ሕፃን ሁሉ እናቱ በቫይታሚን እጥረት የተጎዳች ናት ማለት አይቻልም። የነርቭ ቱቦ ችግርም ቢሆን የዘር ውርስ፣ በእርግዝና ወቅት ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዌት የተባለ መድኃኒትና ሌሎችም ምክንያቶች አሉት። የፎሊክ አሲድ እጥረት ከሁሉ ተለይቶ የሚታየው በቀላሉ ሊወገድ የሚችል በመሆኑ ነው።

ከቦምቤይ እስከ ሊቨርፑል

የቫይታሚኑ ታሪክ የሚጀምረው ከእርጉዝ ሴቶች ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ እአአ በ1931 በሕንድ ቦምቤይ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ ይታይ የነበረ ከባድ የእርግዝና ደም ማነስ ከእርሾ በሚገኝ ምግብ እንደሚድን ደረሱበት። ከአሥር ዓመት በኋላ በአሜሪካ ንጥረ ነገሩ ብዙ ቶን ከሚመዝን ስፒናች ተለይቶ ወጣ፤ ስሙም በላቲን ቅጠል ከሚለው ቃል ተወሰደ። በ1960ዎቹ በሊቨርፑል ሪቻርድ ስሚዘልስና ኤሊዛቤት ሂባርድ የተባሉ ሐኪሞች የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ የወለዱ እናቶች ሰውነት ፎሊክ አሲድን በሚገባ እንደማይጠቀምበት የሚጠቁም ምልክት አዩ። ጥርጣሬው እስኪረጋገጥ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ወሰደ።

ያረጋገጠው በብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት አማካይነት በሰባት አገሮች፣ በ33 ማዕከላት የተካሄደው ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ ከዚያ በፊት የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ጽንስ ያረገዙ 1,817 ሴቶች ነበሩ። በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ከማርገዛቸው በፊት ጀምሮ በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ወሰዱ። ችግሩ በ27 ጽንሶች ላይ ተደገመ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቫይታሚኑን ከወሰዱት እናቶች የተገኙት 6 ብቻ ነበሩ፣ 21ዱ ካልወሰዱት። የአደጋው መጠን በ72 በመቶ ቀንሶ ስለተገኘ ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ ያልተሰጣቸውን መከልከሉ ተገቢ አልነበረምና።

ውጤቱ በላንሴት መጽሔት የታተመው በሐምሌ 1991 ነው። ወቅቱ ለአፍሪካ ቀንድ ምን ዓይነት እንደነበረ ማስታወስ ያሻል። ሶማሊላንድ ነጻነቷን በተናጠል ካወጀች ሁለት ወር ገደማ ሆኗታል፤ ሐርጌሳ ከ1988ቱ የአየር ድብደባ ፍርስራሽ ገና አልተነሣችም። አዲስ አበባም መንግሥት ከተለወጠባት ሁለት ወር አልሞላትም። ስለ ቫይታሚን የሚያወራ የሕክምና ዜና ቦታ የሚያገኝበት ጊዜ አልነበረም።

ቀጣዮቹ ጥናቶች ጥያቄውን አሰፉት። በሃንጋሪ የተካሄደው ሙከራ ከዚያ በፊት ችግሩ ያልገጠማቸው ሴቶችም እንደሚጠቀሙ አሳየ። በቻይና ሩብ ሚሊዮን ያህል ሴቶች የተከታተለው ጥናት ደግሞ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም የመጀመሪያው ሙከራ ከተጠቀመበት አንድ አሥረኛ መጠን፣ በቂ እንደሆነ አረጋገጠ። በዚያ ጥናት ችግሩ በብዛት ይታይበት በነበረው የሰሜኑ ክፍል ቫይታሚኑን በትክክል በወሰዱ ሴቶች ላይ አደጋው በአምስት እጅ ያህል ሲቀንስ፣ አስቀድሞም አነስተኛ በነበረበት በደቡቡ የቀነሰው በ41 በመቶ ነው። ጉዳቱ በበረታበት ቦታ ጥቅሙም ይበልጣል ማለት ነው፤ ለአፍሪካ ቀንድ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው መረጃ ምናልባት ይህ ነው።

የሐርጌሳው ሆስፒታል

በሐርጌሳ ስለ እናቶችና ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሲነሣ ከኤድና አዳን ኢስማኤል ስም ማምለጥ አይቻልም። እአአ በ1937 በዚያችው ከተማ ከሐኪም አባት የተወለዱት ኤድና በብሪታኒያ ነርስነትና አዋላጅነት ተምረው የተመለሱ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ያገለገሉ፣ ከ2003 እስከ 2006 የሶማሊላንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሴት ናቸው። ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ ቦታ ላይ ያስገነቡት የእናቶች ሆስፒታል በመጋቢት 2002 ሥራ ጀመረ። በ2023 የቴምፕልተን ሽልማትን ተቀብለዋል። በዓለም ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት የሴት ልጅ ግርዛትን በመታገላቸው ነው፤ ሆስፒታላቸው ግን አዋላጆችን ያሠለጥናል፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ የተጠራቀመባቸውንና ከንፈራቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናትንም ያክማል።

ይኸው ሆስፒታል ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የተሳተፈበት ጥናት በሶማሊላንድ የሕፃናት የቀዶ ሕክምና ፍላጎት ምን ያህል እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወደ ቤት በመዞር ለክቷል። ጥናቱ በ2017 የተመለከታቸው 1,503 ልጆች ናቸው። በ196ቱ ላይ በድምሩ 221 በቀዶ ሕክምና ሊታዩ የሚገባቸው ችግሮች ተገኙ። ከችግሮቹ ሲሶ ያህሉ ከመወለድ ጋር አብረው የመጡ ነበሩ፤ ቁስልና ጉዳት እንኳ የሁለተኛነቱን ደረጃ ነው የያዙት። ከ221ዱ ውስጥ ጥናቱ እስከተካሄደበት ጊዜ ድረስ በቀዶ ሕክምና የተስተካከሉት 53 ብቻ ነበሩ።

አብረው የተወለዱት ችግሮች ሁሉ ከነርቭ ቱቦ ጋር የተያያዙ አይደሉም። በሌላ በኩል ቤት ለቤት የሚዞር ጠያቂ የሚያገኘው በሕይወት ያለውን ልጅ ብቻ ነው። በአኔንሰፋሊ ሞቶ የተወለደው፣ ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወልዶ በሳምንቱ በኢንፌክሽን የሞተው በቁጥሩ ውስጥ የለም። እናቱ ቤት ውስጥ ከወለደችው ደግሞ በሆስፒታል መዝገብም አይገኝም፤ በዚያው ዕለት ይቀበራል፤ ምክንያቱ የፈጣሪ ፈቃድ ነው ተብሎ ይታለፋል፣ አንዳንዴም እናቲቱ ላይ ይላከካል።

የጤና ባለሥልጣናት ትኩረታቸው ሌላ ቦታ መሆኑ አይገርምም። በ2020 ይፋ የሆነው የሶማሊላንድ የጤናና የሥነ ሕዝብ ጥናት ከ100 ሺህ ሕያው ወሊዶች 396 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። እናቲቱን ከደም መፍሰስ ማዳን ገና ያልተፈታ ጥያቄ በሆነበት አገር ከእርግዝና በፊት ስለሚወሰድ ቫይታሚን መናገር ቅንጦት ይመስላል። ስሌቱ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ሕፃን በተወለደ በቀናት ውስጥ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ከዚያም ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ፣ ቱቦው ሲደፈን ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ለዓመታት የኩላሊትና የእግር ክትትል። በበለጸጉ አገሮች ክፍተቱን ሕፃኑ ገና በማሕፀን ሳለ መጠገን ተችሏል፤ በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በዚህ መንገድ የታከሙት ሕፃናት ቱቦ የሚያስፈልጋቸው 40 በመቶ ሲሆኑ ከወሊድ በኋላ ከታከሙት መካከል 82 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። ድንቅ ሕክምና ነው፤ በዓለም ላይ የሚሰጡት ማዕከላት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በኢትዮጵያ የታየው ቁጥር

ከድንበሩ ወዲህ፣ በኢትዮጵያ፣ ጉዳዩ በቁጥር መታየት የጀመረው ባለፉት አሥር ዓመታት ነው። በ2016 እና በ2017 በትግራይ ሆስፒታሎች ለስምንት ወራት 14,903 ወሊዶችን የተከታተለው ጥናት 195 የነርቭ ቱቦ ችግሮችን አገኘ። ይህም ከ10 ሺህ ወሊዶች 131 ማለት ነው። የተለያዩ የአገሪቱ ጥናቶችን ያዋሐደ ሌላ ትንተና ለመላው አገሪቱ ከ10 ሺህ ከ60 በላይ የሚል ግምት ሰጥቷል። ፎሊክ አሲድ በዱቄት ላይ በሚጨመርባቸው አገሮች ቁጥሩ ወደ 5 እና 6 ዝቅ ብሏል።

እነዚህ ጥናቶች በሆስፒታል የተሠሩ ናቸውና በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚላከው አስጊ እርግዝና በመሆኑ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የደም ምርመራዎችም የሚናገሩት ያንኑ ነው። በ2010 የታተመ፣ ዘጠኝ የአስተዳደር አካባቢዎችን ያካተተ ጥናት ከተመረመሩት ሴቶች 46 በመቶው ከባድ የፎሌት እጥረት እንዳለባቸው አሳየ። በኋላ የተካሄደው አገር አቀፍ የንጥረ ምግብ ዳሰሳም በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ከ10 ሴቶች ከ8 በሚበልጡት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው መጠን ጽንሱን ከነርቭ ቱቦ ችግር ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው በታች መሆኑን አረጋግጧል።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን የፎሌት ምንጮች ናቸው፤ በጾም ወራት ከገበታ የማይጠፉ። እንዲህ ባለ አገር እጥረቱ እንዴት ሊበረታ ቻለ ቢባል፣ ፎሌት በውሃ የሚሟሟና ሙቀት የማይችል ቫይታሚን ነው። ለረጅም ሰዓት የተቀቀለና ውሃው የተደፋ ጎመን አብዛኛውን ይዞ አይቀርም። ጥራጥሬውም ለብዙ ቤተሰብ የሚደርሰው ወጡን ለማወፈር ያህል እንጂ ጠግቦ ለመብላት አይደለም። በሐርጌሳ ደግሞ ገበታው የሚያዘነብለው ወደ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሥጋና ወተት ነው፤ ቅጠላ ቅጠል አነስተኛ ነው።

በጤና ጣቢያ የሚሰጠው እንክብል አለ፤ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ። ለደም ማነስ እጅግ ይጠቅማል፤ ለነርቭ ቱቦ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ክትትል የጀመሩት ሴቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 28 በመቶ ከፍ ብሏል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የመጣች ሴት እንደ ቀደመች ተቆጥራ ትመሰገናለች፤ ቱቦው ከተዘጋ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ ሁለት ወር አልፎታል።

ቀዶ ሕክምናው በበኩሉ ተራምዷል። ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2006 በአዲስ አበባ የተጀመረው ሥልጠና ጥቂት ብቻ የነበሩትን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ቁጥር አብዝቷል፤ በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልና በመቀለው ዓይደርም እነዚህን ሕፃናት የሚያክሙ ባለሙያዎች ሠርተዋል። የሚከፍቱት ክፍል በሞላ ቁጥር ግን የሚመጣው ሕፃን ቁጥር አይቀንስም።

ዱቄት ወይስ ጨው

ላላወቀች ሴት ቫይታሚኑን ማድረሻ መንገድ ሁሉም ሰው በሚበላው ምግብ ውስጥ መጨመር ነው። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በዱቄት ላይ ግዴታ አድርጋዋለች፤ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በየዓመቱ 1,300 ያህል ሕፃናት ከነርቭ ቱቦ ችግር እንደሚድኑ ይገምታል። ደቡብ አፍሪካ በ2003 በስንዴ ዱቄትና በበቆሎ ዱቄት ላይ ከጀመረች በኋላ ችግሩ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የሚያስገርመው የብሪታኒያ ነገር ነው፤ ማስረጃውን ለዓለም የሰጠችው አገር የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትን ይሸፍናል በሚለው ሥጋትና በሌላም ክርክር ከ30 ዓመት በላይ አመንትታ፣ ሕጉን ያወጣችው በ2024 ነው፤ ተግባራዊ የሚሆነውም በ2026 መጨረሻ።

ኢትዮጵያ በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ምግብ እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች። በዳቦና በፓስታ ለሚኖር የከተማ ነዋሪ ትልቅ እርምጃ ነው። ጤፉን፣ ማሽላውን ወይም በቆሎውን ከማሳው አምጥቶ በሰፈሩ ወፍጮ የሚያስፈጭ ገበሬ ቤት ግን የፋብሪካ ዱቄት እምብዛም አይገባም። የሐርጌሳ ሁኔታ በዚህ በኩል ይቀላል፤ ከተማዋ የምትመገበው ዱቄት፣ ሩዝና ፓስታ በአብዛኛው በመርከብ ተጭኖ በበርበራ ወደብ በኩል የሚገባ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ወፍጮዎችን ከመከታተል አንድ የወደብ በር ላይ መቆም የትኛውም መንግሥት ሊያደርገው የሚችለው ሥራ ነው።

የጉዳዩ ክብደት በዓለም ደረጃም ተሰሚነት አግኝቷል። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2023 ስፓይና ቢፊዳንና መሰል ችግሮችን ለመከላከል አገሮች ምግብን በፎሊክ አሲድ እንዲያበለጽጉ የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል።

ለገጠሩ የታሰበው ጨው ነው። ጨው የማይገባበት ቤት የለም፤ የሚበላውም መጠን ከቀን ቀን ብዙ አይለዋወጥም፤ ደግሞም መንገዱ ተጠርጓል። ኢትዮጵያ በ2011 ጨው አዮዲን እንዲኖረው ካስገደደች በኋላ፣ በ2016ቱ ዳሰሳ ከ10 ቤተሰቦች በ9ኙ ገደማ አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቷል። በደቡብ ሕንድ ገጠር 83 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2024 የታተመ አነስተኛ ሙከራ፣ አዮዲንም ፎሊክ አሲድም ያለበት ጨው ለአራት ወራት ሲበላ በደም ውስጥ ያለው የፎሌት መጠን ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጨው በሴቶች ላይ ተሞክሯል።

ችግር ያለበት ልጅ አንድ ጊዜ የወለደች ሴት ግን ጨውም ዱቄትም እስኪመጣ አትጠብቅም። ለእሷ የሚታዘዘው በ1991ዱ ሙከራ የተረጋገጠው 4 ሚሊ ግራም ነው፤ የሚጀመረውም ለማርገዝ ስታስብ እንጂ ካረገዘች በኋላ አይደለም። ይህን ሊነግራት የሚችለው ልጇን ያዋለደችው ወይም ያከመው ባለሙያ ነው፤ ጊዜውም ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ነው።

በአፋር አፍዴራ ሐይቅ ዳር ለሚመረተው ጨው የቀረው ጥያቄ ቴክኒካዊ ነው። አዮዲኑ በጨው ላይ የሚረጨው በውሃ ተበጥብጦ ነው፤ ፎሊክ አሲዱም በዚያው መርጫ አብሮ ሊገባ ይችላል። ቫይታሚኑ ግን በተፈጥሮው ቢጫ ስለሆነ ጨውንም በትንሹ ያቀልመዋል። ነጭ ጨው መግዛት የለመደችው የቤት እመቤት እንዳትጠራጠረው፣ በመጋዘንና በገበያ በሚቆይባቸው ወራትም ቫይታሚኑ ኃይሉን እንዳያጣ መጠኑን መመጠን የምግብ ኬሚስቶች ሥራ ሆኗል።